የደጋ ሳንባ፣ የወታደር ትከሻ
ሴቶች ኮማንዶ መሆን ይችላሉ ወይ የሚለው ክርክር በብዙ አገር ተዘግቷል። ኖርዌይ እ.ኤ.አ. በ2014 ሴቶችን ብቻ የያዘ የልዩ ኃይል ክፍል አቋቁማለች፤ አሜሪካ በ2015 መጨረሻ፣ ብሪታንያ በ2018 የውጊያ ክፍሎቻቸውን በሙሉ ለሴቶች ከፍተዋል። በእኛም አገር ባለቤታቸው ደጃዝማች አበራ ካሣ ከተገደሉ በኋላ አርበኞችን የመሩት ወይዘሮ ከበደች ሥዩም ወኔንና አመራርን ካስመሰከሩ ከሰማንያ ዓመት በላይ ሆኗል። ያልተዘጋው ጥያቄ የአካል ነው። ጣሊያን እስከ መስከረም 1934 ዓ.ም መሽጎበት የቆየውን ወልከፊትን በመሰለ ገደል ጓዟን ተሸክማ ለመውጣት፣ ከወጣች በኋላም ለመዋጋት፣ ሴት ወታደር ምን ዓይነት አካል ያስፈልጋታል? በዚያው ደጋ ላደገች የደባርቅና የዳባት ልጅ ፈተናው የአየሩ መሳሳት አይመስለኝም፤ የጡንቻ ማነስ ነው። ጡንቻ ደግሞ በምግብና በሥልጠና ይገነባል።

ስለ አየሩ ከደባርቅ አካባቢ የተሻለ ማስረጃ ያለው ቦታ ጥቂት ነው። ሃሪሰንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1969 ባሳተሙት ጥናት 3,000 ሜትር ገደማ ላይ የሚኖሩትን የደባርቅ ሰዎች 1,500 ሜትር ላይ ካሉት የአዲ አርቃይ ነዋሪዎች ጋር አነጻጽረው ነበር፤ የደጋዎቹ ደረትና የሳንባ አቅም ሰፋ ብሎ ተገኘ። ይበልጥ የሚያስገርመው ግን ሲንቲያ ቢልና ባልደረቦቿ በ2002 ያወጡት ነው። ስሜን ውስጥ በአምባራስ አካባቢ፣ 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ ሴቶች አማካይ ሄሞግሎቢን 15.0፣ የወንዶቹ 15.9 ግራም በዴሲ ሊትር ሆነ፤ የደማቸው የኦክስጅን ሙሌትም 95.3 በመቶ ነበር። ይህ ባሕር ጠለል ላይ ከሚኖር ሰው ጋር የሚቀራረብ ነው። በዚያው ከፍታ የሚኖሩ የአንዲስ ተራራ ሰዎች ሄሞግሎቢን ከፍ ይላል፤ የቲቤቶቹ ኦክስጅን ዝቅ ይላል፤ የስሜኖቹ ግን ሁለቱም አልሆነባቸውም። እርግጥ ይህ በዕረፍት ላይ ያለ ሰው ልኬት ነው፤ ዳገት በሚሮጥ ሰው ላይ ያው ይሆናል ብሎ መደምደም አይቻልም። ቢሆንም የደጋዋ ልጅ ለከፍታው እንግዳ አለመሆኗን በበቂ ሁኔታ ያሳያል።

ሸክሙ ሌላ ጉዳይ ነው። የወታደር ጓዝ የተሸካሚውን ክብደት አይጠይቅም። ሃያ አምስት ኪሎ ለ70 ኪሎ ሰው ከክብደቱ ሲሶ ትንሽ ከፍ ያለ ነው፤ ለ50 ኪሎ ሴት ግን ግማሽ ክብደቷ ነው። በዚህ ላይ ደግሞ የጡንቻው ልዩነት ይጨመራል፤ በ2000 የታተመ የጃንሰንና ባልደረቦቹ ጥናት ወንዶች ከወገብ በላይ 40 በመቶ፣ ከወገብ በታች 33 በመቶ ገደማ የሚበልጥ ጡንቻ እንዳላቸው ለክቷል። ስለዚህ ቅጥነት ብቻውን የብቃት ምልክት ሊሆን አይችልም። እ.ኤ.አ. በ2016ቱ የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች 22 በመቶ ያህሉ ከሚገባው በታች ቀጭን ነበሩ፤ 24 በመቶዎቹ ደግሞ የደም ማነስ ነበረባቸው። የተፈጥሮ ጸጋ ያለው ደም ብረት ካነሰው ጸጋው ይባክናል።

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ይነሳል። የገጠሯ ሴት ውኃና እንጨት ተሸክማ ዳገት ስትወጣ ነው የምትውለው፤ ምን ሥልጠና ያስፈልጋታል? ተቃውሞው ባዶ አይደለም። በ1986 የታተመ የኬንያ ጥናት ሸክም የለመዱ የኪኩዩና የሉዎ ሴቶች የክብደታቸውን 20 በመቶ ያህል ያለ ተጨማሪ የኃይል ወጪ እንደሚሸከሙ አመልክቷል። ሆኖም በደቡብ አፍሪካ የኮሳ ሴቶች ላይ በኋላ የተደረገ ጥናት ይህን ጥቅም በሁሉም ላይ አላገኘም። ከዚያም በላይ፣ በቂ ሳይበሉ የሚሸከሙት ሸክም አካልን ያደክማል እንጂ አይገነባም። ታቅዶ የተሰጠ ሥልጠና የሚያመጣውን ለውጥ በ1990ዎቹ አጋማሽ አሜሪካ ናቲክ ውስጥ የተካሄደ ሙከራ አሳይቷል፤ ከ24 ሳምንት የጥንካሬ ልምምድ በኋላ እጅግ ከባድ ለሚባለው የሠራዊት ሥራ የሚበቁት ሴቶች ከ24 ወደ 78 በመቶ አድገዋል። ያን ያህል ለውጥ የመጣው በስድስት ወር ውስጥ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ መስፈርቱ ለሴቶች ዝቅ ይላል የሚል ነው። በ2015 የአሜሪካን ሬንጀር ትምህርት ቤት ያጠናቀቁት የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሴቶች ያለፉት ከወንዶቹ ጋር በአንድ መስፈርት ነበር። የሥራው ፈተና አንድ ይሁን እላለሁ፤ ቁስለኛ የምትሸከመው ሴት ስለሆነች አይቀልም። የሰውነት ስብ ልኬት ግን ከሥራ ፈተና ጋር መምታታት የለበትም። የሴት አካል ለመኖር ብቻ የሚያስፈልገው ስብ ከወንድ በብዙ ይበልጣል፤ የአሜሪካ ጦር ሠንጠረዥ ለወጣት ወንድ 20፣ ለወጣት ሴት 30 በመቶ የፈቀደውም ለዚህ ነው። ምልምሏን ለማቅጠን የሚሯሯጥ አሰልጣኝ የወር አበባዋን ሊያስቀር፣ አጥንቷን ሊያሳሳ፣ በመጨረሻም በአጥንት ስንጥቅ ሊያስተኛት ይችላል። በሜትር የሚለካ ወገብ ቃሬዛ ማንሳቷን አይናገርም።

ከዳባትና ከደባርቅ ለሚመጡ ምልምሎች ቅደም ተከተሉ ግልጽ ይመስለኛል። መጀመሪያ የደም ምርመራና የብረት ሕክምና፤ ቀጥሎ ገብሱንና ባቄላውን በወተት፣ በእንቁላልና በሥጋ የሚያጠናክር ቀለብ፤ ከዚያ ለወራት ደረጃ በደረጃ የሚከብድ የማንሳትና የመሸከም ልምምድ፤ ፈተናው መጨረሻ ላይ። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ዳባት ላይ ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የነዋሪውን ጤናና የሕዝብ ለውጥ እየተከታተለ ነው። እዚያው የአንድ ምልምል ቡድን ሄሞግሎቢን፣ ጡንቻና የሸክም አቅም ከሥልጠናው በፊትና በኋላ ቢለካ፣ መስፈርታችንን ከባዕድ አገር ሠንጠረዥ መቅዳት ባላስፈለገን ነበር።