ሐኪሙ «ካንሰሩ ወጥቷል» ካለ በኋላ

እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2023 የአሜሪካው መከላከያ ሚኒስትር ሎይድ ኦስቲን በዋልተር ሪድ የጦር ሆስፒታል የፕሮስቴት ካንሰር ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸው። ለዋይት ሐውስ ትንፍሽ አላሉም። በጃንዋሪ የመጀመሪያ ቀን ኢንፌክሽን ተፈጥሮባቸው ወደ ሆስፒታል ሲመለሱም ፕሬዚዳንት ባይደን ለቀናት አልሰሙም፤ የበሽታውን ስም ያወቁት በወሩ 9ኛ ቀን ነው። ዋሽንግተን «ይህ እንዴት ይደበቃል?» እያለች ስትንጫጫ ከረመች። የፕሮስቴትን ሕመም በቤተሰቡ ውስጥ ያየ ሰው ግን ብዙም አልገረመው። የኃያል አገር ጦር የሚመራ ሰው ለመናገር የከበደውን ተራው ጡረተኛ እንዴት አፍ አውጥቶ ይናገረው?

አፍ ከሚያሲዙት ነገሮች አንዱ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ሽንት ማምለጡ ነው። በእንግሊዝ አገር 1,643 ወንዶችን ለቀዶ ሕክምና፣ ለጨረርና ለቅርብ ክትትል ደልድሎ ለዓመታት የተከታተለ ጥናት አለ። ውጤቱ በ2016 ሲወጣ፣ ቀዶ ሕክምና ከደረሳቸው ውስጥ በ6ኛው ወር 46 በመቶው ሽንት መምጠጫ ፓድ ይጠቀሙ ነበር። ከ6 ዓመት በኋላም 17 በመቶው ከፓድ አልተላቀቁም። ክትትል ከደረሳቸው ውስጥ በ6ኛው ወር ፓድ ያስፈለጋቸው 4 በመቶ ብቻ ነበሩ። ቀዶ ሕክምናው ስህተት ነው ማለቴ አይደለም፤ አደገኛ ዕጢ ያለበትን ሰው ሕይወት ያተርፋል። ነገር ግን «ካንሰሩ ወጥቷል፣ እንኳን ደስ ያለህ» ተብሎ የተሸኘ ሰው ሱሪው ሲርስ ለማን አቤት ይላል? ደስ ሊለው ሲገባ ማማረሩ ራሱ ያሳፍረዋል።

ሽንት የሚያመልጠው እንዲህ ነው። ፊኛው ሁለት ዘጊዎች አሉት። አንደኛው በፊኛው አንገት ላይ ያለ፣ ሳናስበው ቀንም ሌሊትም ራሱን ዘግቶ የሚቆይ ነው። ሁለተኛው ከፕሮስቴቱ በታች የሽንት ቱቦውን የከበበ ጡንቻ ሲሆን በፈቃዳችን ይታዘዛል። ፕሮስቴቱ የተቀመጠው በሁለቱ መካከል ነው፤ ሙሉ በሙሉ ሲወጣ የላይኛው ዘጊ አብሮ ይጎዳል፣ የተቆረጠው ቱቦም እንደገና ከፊኛው ጋር ይሰፋል። ዕድሜ ልኩን ረዳት ሆኖ የኖረው የታችኛው ጡንቻ በአንድ ጀምበር ብቸኛ ዘበኛ ይሆናል። በቀዶ ሕክምናው ጊዜ የገባው ሽንት ማፍሰሻ ቱቦ፣ ካቴተሩ፣ ከሳምንት ወይም ከሁለት ሳምንት በኋላ ሲነቀል ሰውየው ተኝቶ ሳለ ደህና ነው። ከወንበር ሲነሳ፣ ሲያስነጥስ፣ የልጅ ልጁን ብድግ ሲያደርግ ግን ያመልጠዋል። አመሻሹ ላይ ጡንቻው ሲደክም ደግሞ ይብሳል።

እኛ ዘንድ ይህ ችግር ከልብስ አልፎ ይሄዳል። ቅዳሴ ቆሞ ያስቀድስ የነበረ አባት ከቅጥሩ ውጭ ዛፍ ሥር መቆምን ይመርጣል፤ ስግደት ላይ ጎንበስ ማለት ያስፈራዋል። ሙስሊሙም ውዱኡ እየፈረሰበት ይጨነቃል፤ ሽንት የማይቆምለት ሰው ለየሶላቱ ውዱእ አድርጎ እንደሚሰግድ ሃይማኖቱ መላ ቢያበጅለትም፣ ይህን ለማወቅ መጀመሪያ ሄዶ መጠየቅ አለበት። ለቅሶ ቤት የሚቀመጠው በር አጠገብ ነው። ብዙዎች ውሃ መጠጣት ያቆማሉ። ይህ ደግሞ ነገሩን ያከፋዋል፤ የወፈረ ሽንት ፊኛውን ይቆጠቁጠዋልና።

መድኃኒቱ ተብሎ የሚሰጠው የዳሌ ወለል ጡንቻዎች ልምምድ ነው። ልምምዱን በሕክምናው ዓለም ያስተዋወቀው የሎስ አንጀለሱ የማህፀን ሐኪም አርኖልድ ኬግል ነው፤ በ1948 ባሳተመው ጽሑፍ ያሰበው ስለወለዱ ሴቶች ነበር። ወንዶች የወረሱት የሴቶቹን ትምህርት ነው። ለአሥርት ዓመታት የተነገራቸውም «ፈስ እንደምትይዝ አድርገህ ፊንጢጣህን ጨምቅ» የሚል ነው። ታካሚው እሺ ብሎ ወራት ይጨምቃል፣ ፓዱ ግን ያው ነው።

ችግሩን በዓይን ያሳዩት በአውስትራሊያ የኩዊንስላንድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎቹ ራያን ስታፎርድና ፖል ሆጅስ ናቸው። የአልትራሳውንዱን መሣሪያ በቆለጥና በፊንጢጣ መካከል ባለው ቆዳ ላይ አስደግፈው ጡንቻዎቹ ሲንቀሳቀሱ በስክሪን አዩ። ከዚያ ትእዛዙን እየቀያየሩ ሞከሩት። «ፊንጢጣህን ጨምቅ» ሲሉት በዋናነት የሚሠራው የኋላው ጡንቻ ነው። «ፊኛህን ወደ ላይ አንሳ» ሲሉት ሰውየው ሆዱን ይወጥራል፤ ግፊቱ ፊኛው ላይ ያርፋል። «ብልትህን ወደ ውስጥ አሳጥር» ሲሉት ግን ቱቦውን የከበበው የፊተኛው ዘጊ ይጨመደዳል። ይህን በ2016 አሳተሙት። አንድ ሰው በቅንነት የተሳሳተውን ጡንቻ ለዓመት ሊያሠለጥን ይችላል ማለት ነው።

አሁን ይህን ትእዛዝ በአሜሪካዋ ሜሪላንድ በሚኖር አንድ የሰባ ዓመት ኢትዮጵያዊ አባት ፊት አስቡት። ዕድሜውም የቆዳው ቀለምም ለበሽታው ያጋልጡታል፤ በአሜሪካ ጥቁር ወንዶች በፕሮስቴት ካንሰር የመሞት ዕድላቸው ከነጮቹ እጥፍ ገደማ ነው። ፊዚዮቴራፒስቷ ወጣት ሴት ናት። ሆስፒታሉ አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ ቢኖርበትም አባትየው «ልጄ አለችልኝ» ብሏል። ልጅቷ ታዲያ ምን ትበል? «አባዬ፣ ከታች ያለውን ስፖርት ይሥሩ ትላለች» ብላ ታልፈዋለች። እሱም አንገቱን ነቅንቆ ይወጣል። በኩዊንስላንድ ስክሪን ላይ ውጤቱን የለየው አንድ ዓረፍተ ነገር እዚህ ክፍል ውስጥ በይሉኝታ ተዋጠ። በስልክም ቢሆን ባዕድ አስተርጓሚ ይሻላል፤ ሐኪሞቹም በልጅ ከማስተርጎም ቢቆጠቡ ደግ ነው።

ልምምዱ ይሠራል ወይ የሚለው ክርክር ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ በቅጡም አልተቋጨም። በ2000 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣው የቤልጅየሙ የሉቨን ጥናት 102 ወንዶችን ለሁለት ከፈለ። በ3ኛው ወር ከሠለጠኑት 88 በመቶው ሽንታቸውን ሲቆጣጠሩ፣ ካልሠለጠኑት 56 በመቶው ብቻ ተቆጣጠሩ። ሐኪሞች ተደሰቱ። በ2011 ደግሞ እዚያው ላንሴት ላይ የእንግሊዞቹ ትልቅ ጥናት ወጣ፤ ፕሮስቴታቸው ከወጣላቸውና ሽንት ከሚያመልጣቸው 411 ወንዶች ግማሾቹ በሦስት ወር ውስጥ አራት ጊዜ ባለሙያ ዘንድ ቀርበው ተማሩ። በዓመቱ ከተማሩት 76 በመቶው፣ ካልተማሩት ደግሞ 77 በመቶው ሽንት ያመልጣቸው ነበር። ልዩነት የለም። ኮክሬን የተባለው የጥናቶች ገምጋሚ ተቋም በ2023 ሃያ አምስት ጥናቶችን ሰብስቦ ሲያይም ልምምዱ እንደሚጠቅም አስተማማኝ ማስረጃ አላገኘም።

ከዚህ ተነስቶ «ልምምዱ ከንቱ ነው» ማለት ግን ችኮላ ይመስለኛል። በእንግሊዙ ጥናት «አልተማሩም» ከተባሉትም ብዙዎቹ በራሳቸው ይለማመዱ ነበር። «ልምምድ» የሚለው ቃል ሥር የተሰበሰቡት ነገሮችም አንድ አይደሉም፤ አንዱ ጋ አራት ቀጠሮ፣ ሌላው ጋ የወራት ክትትል፤ አንዱ ተኝቶ፣ ሌላው ቆሞ። በ2019 የወጣ የምዕራብ አውስትራሊያ ጥናት ልምምዱን ከቀዶ ሕክምናው 5 ሳምንት አስቀድሞ አስጀምሮ፣ በቀን 120 ጊዜ፣ ቆመው እንዲሠሩት አድርጎ ቶሎ መዳንን አሳይቷል። በ2011 የወጣ የአሜሪካ ጥናት ደግሞ ከአንድ እስከ 17 ዓመት ሽንት ሲያመልጣቸው የኖሩ 208 ወንዶችን ወስዶ፣ በ8 ሳምንት ሥልጠና የሚያመልጣቸውን ጊዜ ብዛት በአማካይ 55 በመቶ ቀነሰላቸው፤ ባልሠለጠኑት የቀነሰው 24 በመቶ ነው። የእኔ ፍርድ ይህ ነው፦ ብዙው ሰው በዓመት ውስጥ በጊዜ ብዛት ይሻለዋል፤ በትክክለኛው ጡንቻ የተሠራ ልምምድ ቀኑን ያፈጥነዋል እንጂ ተአምር አይሠራም። አራት ወር ፓድ ለለበሰ ሰው ግን ሁለት ወር ማሳጠር ትንሽ ነገር አይደለም።

ልምምዱን ሲሠሩ ትንፋሽ አይያዝም፣ ሆድና መቀመጫም አይወጠሩም። ዋናው ጥበብ ከማሳል፣ ከማስነጠስና ከወንበር ከመነሳት በፊት ቀድሞ መጨመቅ ነው። ከልክ በላይ መሥራት ደግሞ ጡንቻውን አድክሞ ማታ ማታ ያስቀጣል።

ዓመት ቆይቶም ካልቆመ ሌላ መላ አለ። ከ1970ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ በአሜሪካዋ ሂዩስተን በሐኪሙ ብራንትሊ ስኮት የተፈተነው ሰው ሠራሽ ዘጊ ነው። በቱቦው ዙሪያ ፈሳሽ የሞላው ቀለበት ይገባል፣ በቆለጡ ከረጢት ውስጥ ደግሞ ትንሽ ፓምፕ። ሰውየው መሽናት ሲፈልግ ፓምፑን ይጫናል፤ ቀለበቱ ይከፈትና ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ራሱ ይዘጋል። ዋጋው ግን የሚቀመስ አይደለም።

ኢትዮጵያ ውስጥ ከፕሮስቴት ቀዶ ሕክምናው አብዛኛው ለካንሰር ሳይሆን ዕድሜ ላመጣው የፕሮስቴት ዕጢ ማበጥ ነው፤ በዚያ ጊዜ ዕጢው ጠቅላላ ስለማይወጣ ለዘለቄታው ሽንት የሚያመልጠው ሰው ያንሳል። ቢሆንም የሚያመልጠው አለ። ለዚህ የሚሆነው ሙያ አገር ውስጥ አዲስ አይደለም። በ1974 በሬጂናልድና በካትሪን ሐምሊን የተመሠረተው የአዲስ አበባ ፊስቱላ ሆስፒታል፣ በወሊድ ጉዳት የተፈጠረባቸው ቀዳዳ ተሰፍቶም ሽንት ለሚያመልጣቸው ሴቶች የፊዚዮቴራፒ ክፍል አለው። የጎንደር ዩኒቨርሲቲም ፊዚዮቴራፒስቶችን ያሠለጥናል። የፕሮስቴት ቀዶ ሕክምና ቀጠሮ ሲያዝ ከደም ምርመራው ወረቀት ጋር አንድ የፊዚዮቴራፒ ሪፈር አብሮ ቢጻፍ፣ ሰውየው ትክክለኛውን ጡንቻ ካቴተሩ ሳይገባ ያውቀው ነበር።