እሪ በከንቱ

የኔታንያዋ ኪርያት ሀሻሮን ዓርብ ማታ ቶሎ ጭር ትላለች። መኪናው ሁሉ ከየሕንፃው ሥር ቆሞ ያድራል። ያን ሌሊት አባባ ከሄፍጺባ መጥተው ሰንበትን እኛ ቤት እያሳለፉ ነበር፤ እኔ ደግሞ ለድርጅቱ ኮናኑት (የሌሊት ተረኛ) ወጥቼ ስልኬን ከራስጌዬ አስቀምጬ ተኝቻለሁ። ስልኩ አዛካ፣ የሮኬት ማስጠንቀቂያ፣ በሚመስል ድምፅ ሲጮህ ዘልዬ የተነሣሁት ወደ ማማዱ፣ ወደ ቤቱ መጠለያ ክፍል፣ ለመሮጥ ነው። ኔታንያ ውስጥ ሮኬት ሲመጣ መጠለያ ለመግባት ያለን ጊዜ 90 ሰከንድ ስለሆነ እግር ከአእምሮ ይቀድማል። ስልኩን ያነበብኩት የማማዱን በር እንደያዝኩ ነው። «ኤረር፤ ግንኙነት ተቋርጧል፤ እንደገና በመሞከር ላይ» ይላል። ከሥሩ፣ ሦስት ሰከንድ ብቻ ቆይቶ የተጻፈ ሌላ መስመር አለ፤ «ግንኙነት ተመልሷል»።

አባባ ጋቢያቸውን ደርበው ኮሪደሩ ላይ ቆመዋል።

«አዛካ ነው ልጄ?»

«አይደለም አባባ፣ የሥራ ነው። ይተኙ።»

«ሰው ታመመ?»

«የታመመ የለም።»

«ታዲያ ሰንበትን የሚያስጥስ ምን ተገኘ?»

እኔ እንደ እሳቸው አጥባቂ አይደለሁም። ግን የምመልሰው አጣሁ። አባባ በግንቦት 1983 ዓ.ም. በሰሎሞን ዘመቻ ከመጡት ናቸው፤ ኮምፒውተር ነክተው አያውቁም። የጠየቁት ግን እኛ መሐንዲሶቹ ንድፉን ስናወጣ ልንጠይቀው ሲገባን የዘለልነውን ነው።

የምንሠራው ሶፍትዌር የማቀዝቀዣ መጋዘኖችን ሙቀት ይከታተላል። ሰርቨሩ ሊኑክስ ላይ ነው፣ የጽሕፈት ቤቱ ኮምፒውተር ዊንዶውስ፣ ሠራተኞቹ በእጃቸው የሚይዙት መሣሪያ አንድሮይድ። ሦስቱም የሚሠሩትን እየተከታተሉ ይጽፋሉ፤ ይህን ጽሑፍ ሎግ እንለዋለን። እያንዳንዱ መስመር ከፊቱ የክብደት ደረጃ አለው፦ ዲበግ፣ ኢንፎ፣ ዋርኒንግ፣ ኤረር፣ ፌታል። ኤረርና ከዚያ በላይ የሆነ ሁሉ ተረኛውን ይቀሰቅሳል።

እሑድ ጠዋት ቢሮ ገብቼ የሰንበቱን ሎግ ስፈትሽ ሌላ ጉድ ጠበቀኝ። ከዓርብ ከሰዓት ጀምሮ የአንዱ መጋዘን ኮምፒውተር ዲስኩ ሞልቶ የሙቀት ልኬት መመዝገብ አቁሟል። መልእክቱ ተጽፏል፤ የደበቀው የለም። የተጻፈው ግን በኢንፎ ነው፤ «ልኬት ታልፏል» ተብሎ፣ «ተጠቃሚ ገብቷል»፣ «ተጠቃሚ ወጥቷል» ከሚሉ ሺህ መስመሮች መሃል። ማቀዝቀዣው ስላልተበላሸ ዕቃው ደህና ነው። የጠፋው የሁለት ቀን መዝገብ ነው፤ ደንበኛው ደግሞ ከዕቃው እኩል የሚፈልገው እሱን ነው።

ያን ኢንፎ የጻፍኩት እኔ ነኝ። የሌሊቱን ኤረር የጻፈው አንድ ወጣት ባልደረባዬ ነው። ለምን እንደዚያ እንደጻፍን ስንነጋገር የሁለታችንም ምክንያት አንድ ሆኖ ተገኘ። እሱ የኔትወርኩ ፈንክሽን የስህተት ኮድ ስለመለሰለት «ስህተት ነውና ኤረር» አለ። እኔ ደግሞ ዲስክ ቢሞላ ፕሮግራሙ እንዳይወድቅ አድርጌ ስለጻፍኩ «ተይዟልና ኢንፎ» ብዬ አለፍኩ። ሁለታችንም ኮዱ በዚያች መስመር ላይ ምን እንደተሰማው ነው የመዘገብነው። መልእክቱን የሚያነበው ሰው ምን ማድረግ እንዳለበት ያሰበ አልነበረም።

ከታች ያለው የኮድ ክፍል የነገሩን ክብደት የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ግንኙነት ሲቋረጥ የሚያየው መቋረጡን ብቻ ነው፤ ከላይ ሆኖ የላከው ክፍል አሥር ጊዜ ለመሞከር ማቀዱን አያውቅም። ስለዚህ ከታች ያለው ለላኪው ይናገር እንጂ አይጩህ። ላኪው እየሞከረ ሳለ ዲበግ ይበቃል። ሞክሮ ሞክሮ ተስፋ ሲቆርጥ፣ ማለትም ለተጠቃሚው የተገባው ነገር እንደማይፈጸም ሲረጋገጥ፣ ያኔ ኤረር ነው፤ እሱንም አንድ ጊዜ ብቻ ይጻፍ። አንድ ብልሽት በአምስት ፎቅ ሲያልፍ በየፎቁ ኤረር ከተጻፈ ተረኛው አምስት ብልሽት የደረሰ ይመስለዋል። የእኔው ዲስክ ደግሞ ፕሮግራሙን አላወደቀም፤ የተቀጠረበትን ሥራ ግን አስቁሞታል። እንዲያ ከሆነ «ተይዟል» ማለቴ ራሴን ማታለል ነበር።

የክብደት ደረጃ አዲስ ፈጠራ አይደለም። ኤሪክ ኦልማን በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. በርክሊ ውስጥ ለሴንድሜይል የኢሜይል ፕሮግራሙ ሲል ሲስሎግ የተባለውን የሎግ ሥርዓት ሠራ፤ ከሲስሎግ የመጡት ስምንት ደረጃዎችም በ2009 እ.ኤ.አ. አርኤፍሲ 5424 በተባለው የኢንተርኔት ሰነድ ተደንግገው ዛሬም ይሠራሉ። ከ0 እስከ 7 ናቸው፤ 0 «ሥርዓቱ ከአገልግሎት ውጭ ነው» ማለት ሲሆን 7 ዲበግ ነው። በእኔ አስተያየት ስምንት ይበዛል። ከላይ ያሉትን ሦስቱን፣ ኢመርጀንሲን ከአለርት፣ አለርትን ከክሪቲካል ለመለየት የሚከራከሩ ሁለት መሐንዲሶች ካያችሁ ሁለቱም ደረጃዎች ለተመሳሳይ ሰው ይደውላሉ ማለት ነው። አምስት ይበቃል፤ የሚቀሰቀስና የማይቀሰቀስ በግልጽ ከተለየ ሦስትም አያንስ።

ይህን ከሁሉ ቀድመው የተረዱት የአውሮፕላን ሰዎች ይመስሉኛል። የንግድ አውሮፕላን ደንብ ማስጠንቀቂያዎችን በሦስት ይከፍላል፤ የሚከፍለውም ችግሩ በሚያሳየው መልክ ሳይሆን አብራሪው ማድረግ ባለበት ነው። አብራሪው ወዲያው አውቆ ወዲያው እርምጃ መውሰድ ያለበት ዋርኒንግ ነው፣ ቀይ። ወዲያው አውቆ እርምጃውን ግን ቆይቶ የሚወስድበት ኮሽን ነው፣ ቢጫ። ሦስተኛው ማወቅ ብቻ የሚጠይቅ፣ ምናልባትም በኋላ የሚሠራበት ምክር ነው። (ዋርኒንግ እነሱ ዘንድ ቁንጮው ነው፣ እኛ ዘንድ ከኤረር በታች። ከአቪዬሽን የመጣ አንድ ባልደረባችን የእኛን ዋርኒንግ ባየ ቁጥር ይደነግጥ ነበር።)

ይህን ስጽፍ መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም.ን ማለፍ አልችልም። ከቦሌ ወደ ናይሮቢ የተነሣው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 302 ስድስት ደቂቃ ያህል በአየር ላይ ቆይቶ ቢሾፍቱ አካባቢ ወደቀ፤ 157 ሰዎች አለቁ። ከተነሣ ብዙም ሳይቆይ አውሮፕላኑ ከሚመጣበት አየር ጋር የሚሠራውን አንግል የሚለካው የግራ መለኪያ የተሳሳተ ንባብ ሰጠ። ከዚያ አንድ ብልሽት ብዙ ምልክት በአንድነት ተነሣ፤ የአብራሪው መሪ መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ የፍጥነትና የከፍታ ንባቦች ተለያዩ፣ ኤምካስ የተባለው ሥርዓትም አፍንጫውን ወደ ታች መግፋት ያዘ። በመስከረም 2012 ዓ.ም. የአሜሪካው የትራንስፖርት ደህንነት ቦርድ ባወጣው የምክር ሰነድ፣ አውሮፕላኑ ሲመዘን የብዙ ማስጠንቀቂያ በአንድ ጊዜ መምጣት በአብራሪ ላይ የሚያደርሰው ጫና በበቂ ሁኔታ አልታየም ብሏል። የግራና የቀኝ መለኪያዎቹ መለያየታቸውን የሚያሳውቀው መልእክት ደግሞ ተጨማሪ መሣሪያ ካልተገዛ በስተቀር እንደዚህኛው ባሉ የቦይንግ 737 ማክስ አውሮፕላኖች ላይ እንዳይሠራ ሆኖ ነበር የተሸጠው። የእኔ መጋዘን ከዚህ ጋር አይወዳደርም። ቅርጹን ግን አውቀዋለሁ፤ ምንጩ አንድ፣ ጩኸቱ ብዙ፣ ምንጩን በስሙ የሚጠራው መስመር ዝም።

አዲስ አበባ ውስጥ እሪ በከንቱ የሚባል ሠፈር አለ። የሎግ ፋይል ስከፍት ብዙ ጊዜ እዚያ የደረስኩ ይመስለኛል።

አሁን ወደ ሦስቱ መድረኮች፣ ወደ ሊኑክስ፣ ዊንዶውስና አንድሮይድ ልምጣ፤ ላባችንን የጨረሱት እነሱ ናቸው። ደረጃን በቁጥር የሚጽፍ ሰው ቁጥር 3 ምን ማለት እንደሆነ ይንገረኝ። በሲስሎግ ኤረር ነው። በዊንዶውስ የኢቨንት ሎግ ዋርኒንግ ነው። በአንድሮይድ ዲበግ ነው። 7 ደግሞ በሲስሎግ ከሁሉ የቀለለው፣ በአንድሮይድ ከሁሉ የከበደው። የመጀመሪያው ሥሪታችን የሲስሎጉን ቁጥር ሳይተረጉም በቀጥታ ወደ አንድሮይድ ያስተላልፍ ስለነበር የእጅ መሣሪያዎቹ ኤረር ለሳምንታት እንደ ዲበግ ተጣርቶ ሲጣል ከረመ። አሁን በኮዳችን ውስጥ ቁጥር የለም፤ ስም ብቻ ነው፣ ለየመድረኩም አንድ የመተርጎሚያ ሰንጠረዥ አለ። ሰንጠረዡ ሃያ መስመር አይሞላም፤ ግን ከጠቅላላው ሥራ ብዙ ክርክር የፈጀው እሱ ነው።

ፊደላችንም የራሱን ጣጣ አመጣ። ከመጋዘን ሠራተኞቹ መካከል ማስታወሻቸውን በአማርኛ የሚጽፉ እናቶች አሉ፤ ማስታወሻውም ሎግ ውስጥ ይገባል። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፤ በዩቲኤፍ 8 እያንዳንዱ ፊደል ሦስት ባይት ይወስዳል። የድሮው ሲስሎግ መልእክትን 1024 ባይት ላይ ይገድባል፤ ይህ በእንግሊዝኛ ሺህ ፊደል ነው፣ በአማርኛ ግን 340 ገደማ። ቆራጩ ፕሮግራም ሦስቱን ባይት ከመሃል ሲከፍል የመጨረሻው ፊደል ይሰበራል፤ የተሰበረው ፊደልም ፋይሉን የሚያነበውን ፕሮግራም ይጥለዋል። አንድ ማለዳ ሎጉን የሚሰበስበው ሰርቨር የቆመው «ቲማቲሙ ከ» ብሎ በተቆረጠ ማስታወሻ ምክንያት ነው። አሁን የምንቆርጠው በፊደል ወሰን ላይ ነው።

ሰዓት ደግሞ አለ። የዚያን ሌሊት ጥሪ አባባ «ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት» ይሉታል። ስልኬ ቅዳሜ 2:00 ይላል። ሰርቨሩ የጻፈው በዩቲሲ፣ በዓለም አቀፉ የጋራ ሰዓት፣ ስለሆነ ዓርብ 23:00 ነው፤ ወሩ የበጋ ስለነበር እስራኤል በሦስት ሰዓት ትቀድማለች። ሦስቱም ትክክል ናቸው። ሎግ ውስጥ መግባት ያለበት ግን ዩቲሲው ብቻ ነው፤ ምክንያቱም በኦክቶበር የመጨረሻ እሑድ ሌሊት እዚህ ሰዓቱ ወደኋላ ሲመለስ ከ1:00 እስከ 2:00 ያለው ሰዓት ሁለት ጊዜ ይመጣል፣ በአካባቢ ሰዓት የተጻፈ ሎግም ውጤቱን ከምክንያቱ አስቀድሞ ያሳያል። ለሰው ሲታይ በፈለገው ሰዓት ይቀየርለት።

ስለ ፌታል አንድ ነገር። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባላል። የእኛ ውሻ ይብሳል፤ ጩኸቱን በጉሮሮው ይዞ ይሞታል። ለፍጥነት ሲባል መልእክቶች ወዲያው ዲስክ ላይ አይጻፉም፤ ማህደረ ትውስታ ውስጥ ተጠራቅመው ነው የሚወርዱት። ፕሮግራሙ በድንገት ሲሞት ከሁሉ የምንፈልጋት የመጨረሻዋ መስመር አብራ ትሞታለች። ስለዚህ ኤረርና ፌታል ሳይጠራቀሙ ወዲያው ይወርዳሉ። ዲበግን ደግሞ አንጽፈውም፤ የመጨረሻዎቹን ጥቂት መቶ መስመሮች በክብ ቋት ውስጥ እናቆያቸዋለን፣ ኤረር ሲነሣ ብቻ ከሱ ጋር ይወጣሉ። ዲስኩም አይሞላም፣ ብልሽቱም ታሪኩን ይዞ ይመጣል። ከዚህ ሥራ ሁሉ የምኮራበት ይህን ነው።

ዝቅተኛ ደረጃ ማለት የማይነበብ ማለት እንዳልሆነም መርሳት አይገባም። በግንቦት 2018 እ.ኤ.አ. ትዊተር የይለፍ ቃሎች ሳይመሰጠሩ በውስጥ ሎግ ላይ ተጽፈው አግኝቶ ከ330 ሚሊዮን በላይ ተጠቃሚዎቹ ቃላቸውን እንዲቀይሩ መክሯል። አፕል በ2016 እ.ኤ.አ. ባወጣው የሎግ ሥርዓት ከውጭ የገባ ጽሑፍ ገንቢው ካልፈቀደ በቀር በራሱ ይሸፈናል። እኛም ያን ልማድ ወርሰናል፤ የሠራተኛ ስምና መታወቂያ ቁጥር በዲበግም ቢሆን አይጻፍም።

ከዚያ እሑድ በኋላ ኮድ ስንገመግም ከየኤረሩ ጎን የምንጽፈው አንድ ጥያቄ አለ፤ ቃሉ የአባባ ነው፤ «ሰንበትን ያስጥሳል?» ሩሲያዊቷ የቡድን መሪያችን መጀመሪያ ሳቀች፣ ቀጥላ በዕብራይስጥ ገልብጣ ሰሌዳው ላይ ለጠፈችው። መልሱ «አዎ» ከሆነ ማን እንደሚቀሰቀስና ሲነሣ ምን እንደሚያደርግ በአንድ ዓረፍተ ነገር መጻፍ አለበት። መጻፍ ያልቻለ ወደ ዋርኒንግ ይወርዳል። ከነበሩን ኤረሮች አብዛኞቹ ወርደዋል፤ የእኔ ኢንፎ ወጥቷል።

ባለፈው ሰንበት አባባ እንደገና እኛ ዘንድ አደሩ። ስልኬ አልጮኸም። እሑድ ጠዋት ቢሮ ስገባ አሥራ አንድ ዋርኒንግ ተሰልፈው ይጠብቁኝ ነበር።