ሲሞርዱት ወርቅ የሚመስለው ጥቁር ክሪስታል

ሳማሪየም ሞኖሰልፋይድ አንድ ሳማሪየም ለአንድ ድኝ የተጣመሩበት ጥቁር ክሪስታል ነው። ገጹን ሲሞርዱት ግን ወርቃማ ይሆናል፤ ኤሌክትሪክንም እንደ ብረት ያስተላልፋል። ከብርቅዬ የምድር ብረቶች ሰልፋይዶች መካከል ይህ ቀድሞ መተዋወቅ የሚገባው፣ ቀለምና ብረትነት በአቶሞች ማንነትና አደራደር ብቻ እንደማይወሰኑ ስለሚያሳይ ነው። እዚህ ወሳኙ የአንድ ኤሌክትሮን ማደሪያ ነው። አደራደሩ የገበታ ጨው ዓይነት ነው፦ እያንዳንዱ ሳማሪየም በስድስት ድኞች ይከበባል። ሳማሪየም እንደ ዘመዶቹ ሦስት ኤሌክትሮን መስጠት ይቀናዋል፤ በዚህ ክሪስታል ግን ሁለቱን ሰጥቶ ሦስተኛውን በውስጠኛው 4ኤፍ ምህዋር ያስቀረዋል። እሱን ወደ 5ዲ ምህዋር ለማውጣት የቀረው ጉልበት እጅግ ጥቂት ነው። ክሪስታሉ በመሞረድም ቢሆን ሲጨመቅ ኤሌክትሮኑ ይወጣል፤ የወጣበት አዮን ይኮማተራል፤ መኮማተሩም ጎረቤቶቹን አቀራርቦ የሌሎቹን መውጣት ያፋጥናል። ለውጡ ድንገተኛ የሚሆነው ለዚህ ነው።

ወርቃማው ገጽ ከአየር ጋር የተፈጠረ ሌላ ውህድ ቢሆንስ? ጥርጣሬው ተገቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970 በአሜሪካው ቤል ላቦራቶሪ ጃያራማንና ባልደረቦቹ ያሳዩት ግን፣ ምንም ሳይጨመርበት በክፍል ሙቀት 6.5 ኪሎባር ላይ ክሪስታሉ ራሱ ብረት እንደሚሆን ነው። ግፊቱ ሲነሳ ይመለሳል፤ የተሞረደውም ገጽ ሲሞቅ ይጠቁራል። አደራደሩ ተለውጦ ይሆናል ማለትም አያስኬድም። ኤክስሬይ የሚያገኘው ያንኑ የጨው አደራደር ነው፣ ይዘቱ ከ10 በመቶ በላይ ቀንሶ። ሲሊከን ብረት እንዲሆን ከ100 ኪሎባር በላይ ይጠይቃል፣ አደራደሩም ይፈርሳል። አንድ ነገር ግን መቀበል ግድ ነው፦ የአዮኑ መጠን ሁለት በሰጠና ሦስት በሰጠ መካከል ስለሚገኝ፣ ኤሌክትሮኑ «ወጣ» ማለት ነገሩን ማቅለል ነው።

አሠራሩ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ብረቱና ድኙ አየር በወጣለት የታሸገ ኳርትዝ ቱቦ ውስጥ ቀስ ብለው ይሞቃሉ፤ ከተቸኮለ የድኝ ተን ቱቦውን ያፈነዳዋል። ከዚያ ዱቄቱ ተጠቅጥቆ በታንታለም ዕቃ ይታሸግና በኃይለኛ ሙቀት ክሪስታል ይሆናል። ድኝ ከበዛ ሌላ ሰልፋይድ፣ ኦክስጅን ከገባ ኦክሲሰልፋይድ ይወጣል። ከሳማሪየሙ 15 በመቶ ገደማውን አዮኑ አነስ ባለው ጋዶሊኒየም ከተኩት ደግሞ ያለ ግፊት ወርቃማ ይሆናል። ስለዚህ ዋናው ነገር አቶሞቹ መቀራረባቸው እንጂ ከውጭ መጫኑ አይደለም። ይኸው ጋዶሊኒየም የገባበት ክሪስታል ሲቀዘቅዝ ወደ ጥቁሩ ሊመለስ በድንገት ይሰፋና ተሰባብሮ ዱቄት ይሆናል፤ ደጋግሞ መቀያየር ለሚጠይቅ መሣሪያ ቀላል እንከን አይደለም።