ማንን፣ መቼና በምን? የቤት ሰብሮ ስርቆትና የፖሊስ የማስጠንቀቅ ኃላፊነት

በአንድ ሰፈር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሁለትና ሦስት ቤቶች ተሰብረው ሲዘረፉ፣ ነዋሪው ነገሩን የሚሰማው አብዛኛውን ጊዜ ከጎረቤት ወሬ እንጂ ከፖሊስ ጣቢያ አይደለም። ጣቢያው ግን የአቤቱታዎቹን ቀንና ሰዓት፣ ሌባው የገባበትን በር ወይም መስኮት፣ የተወሰደውን ንብረት ዓይነት መዝግቦ ይዟል። መረጃው በአንድ ወገን፣ አደጋው በሌላ ወገን ይቀመጣል። ፖሊስ የያዘውን ለነዋሪው የመንገር ኃላፊነት አለበት ወይ የሚለው ጥያቄ የሚነሣው ከዚህ ነው። ክርክሩ በአመዛኙ «ይንገር» እና «አይንገር» በሚሉ ሁለት ጫፎች መካከል ይዋልላል። የወንጀል ጥናት ግኝቶችና የፍርድ ቤት ውሳኔዎች ጎን ለጎን ሲታዩ ግን ጥያቄው ሌላ መልክ ይይዛል፤ ማንን፣ መቼና ከምን ዓይነት ድጋፍ ጋር የሚል።

አደጋው የሚደጋገምበት ስፍራ

የቤት ሰብሮ ስርቆት በከተማ ውስጥ እኩል አይሠራጭም። ለዚህ በሰፊው ከሚጠቀሱት ጥናቶች አንዱ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ በእንግሊዝ ሮችዴል ከተማ፣ ከርክሆልት በተባለው የኪራይ ቤቶች ሰፈር የተካሄደው ነው። ከ2000 በላይ ቤቶች ባሉት በዚህ ሰፈር ኬን ፒዝና ባልደረቦቹ የፖሊስ መዝገብን ከተጎጂዎችና ከወንጀል ፈጻሚዎች ቃል ጋር አገናዘቡ። አንድ ጊዜ የተሰበረ ቤት እንደገና የመሰበር ዕድሉ፣ ተሰብሮ የማያውቅ ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ ከሚሰበርበት ዕድል ከአራት እጥፍ በላይ ሆኖ ተገኘ።

ለድግግሞሹ ሁለት ማብራሪያዎች ይሰጣሉ። የመጀመሪያው ቤቱ ራሱ ለሌባ የሚመች ጠባይ አለው የሚል ነው፤ ጨለማ ጓሮ፣ ደካማ መቀርቀሪያ፣ ቀኑን ሙሉ ሰው የማይገኝበት ግቢ። ሁለተኛው ድርጊቱ ራሱ ቀጣዩን ይወልዳል የሚል ነው። አንድ ጊዜ የገባ ሌባ የክፍሎቹን አቀማመጥ፣ የመውጫውን መንገድ፣ ሳይወስድ የተወውን ዕቃ አውቆ ይወጣል፤ ዕውቀቱም ይመልሰዋል።

ይኸው ዕውቀት ወደ ጎረቤትም ይሻገራል። ሼን ጆንሰንና ኬት ባወርስ በእንግሊዝ መርሲሳይድ አካባቢ መዝገብ ላይ ተመሥርተው እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጡት ጥናት፣ ከተሰበረው ቤት እስከ 400 ሜትር ርቀት ያሉ ቤቶች እስከ ሁለት ወር ድረስ ከፍ ያለ ሥጋት እንደሚኖርባቸው አሳዩ። ሥጋቱ የሚበረታውም ከተሰበረው ቤት ጋር በአንድ የመንገድ ወገን በተሰለፉት ላይ ነበር። ይህ ክስተት የአቅራቢያ ድግግሞሽ ይባላል። ትርጉሙ ለፖሊስ ቀላል አይደለም፤ አንድ አቤቱታ ያለፈ ጥፋት መዝገብ ብቻ ሳይሆን ቀጥሎ ለሚመጣው ጥፋት ምልክት ነው ማለት ነው። ምልክቱ ግን ዕድሜው አጭር ነው። ከሦስት ወር በኋላ የሚደርስ ማስጠንቀቂያ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚባለው ዓይነት ነው።

ማስጠንቀቂያ ከመቀርቀሪያ ጋር

በከርክሆልት የተወሰደው እርምጃ ወሬ በማሠራጨት አልተወሰነም። ከስርቆቶቹ በግማሽ በሚጠጉት የተዘረፈው በየቤቱ የነበረው በሳንቲም የሚሠራ የቅድመ ክፍያ ቆጣሪ ስለነበር፣ ቆጣሪው በሌላ እንዲተካ ተደረገ። የተሰበሩት ቤቶች በርና መስኮት ተጠናከረ። በተጎጂው ቤት ዙሪያ ያሉ ስድስት ያህል አባወራዎችና እማወራዎችም ቤቱን እንዲጠብቁና ያዩትን እንዲያሳውቁ ተጠየቁ። በአምስት ወር ውስጥ ስርቆቱ ከቀድሞው መጠን ወደ 40 በመቶ ወረደ፤ በሦስት ዓመት የታየው ቅናሽ 75 በመቶ ደረሰ። እርምጃዎቹ በአንድነት ስለተተገበሩ ውጤቱን ለአንዳቸው ብቻ መስጠት ያስቸግራል። የሆነው ሆኖ ጎረቤቶቹ የተነገራቸው የሚያደርጉት ነገር ተለይቶ ነው፤ ተጎጂውም ምክር ብቻ ሳይሆን መቀርቀሪያ ተሰጥቶታል።

በእንግሊዝና ዌልስ የወንጀል ዳሰሳ ላይ የተሠሩ ኋለኛ ትንተናዎችም ወደዚህ ያመለክታሉ። ከሁሉ የተሻለ መከላከያ ሆኖ የተገኘው የመስኮት መቆለፊያ፣ የቤት ውስጥ መብራት፣ ጠንካራ የበር ቁልፍና የውጭ መብራት በአንድነት ሲገኙ ነው። ብቻውን የተተከለ የማንቂያ ደወል ግን የታሰበውን ያህል አልጠቀመም። እንግዲህ «ተጠንቀቁ» የሚለው ቃል በምን መጠንቀቅ እንደሚቻል ካልተናገረ፣ በሩን ለማጠናከር አቅም ለሌለው ተከራይ ፍርሃትን ብቻ ጨምሮለት ይሄዳል። ከዚህም የከፋ ውጤት አለው፤ ኃላፊነቱን ከተቋሙ ወደ ተጎጂው ያዛውራል። «አስቀድመን ነግረን ነበር» ማለት ለተቋሙ ከበቂ በላይ ምቹ መልስ ነው።

ፍርድ ቤቶች የለዩት መስመር

የፍርድ ውሳኔዎቹ በመጀመሪያ እይታ የሚጋጩ ይመስላሉ። የእንግሊዝ የጌቶች ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ1988 በሂል ጉዳይ፣ ፖሊስ ገና ያልታወቀ ወንጀለኛ ሊጎዳቸው ለሚችሉ ግለሰቦች ሁሉ በካሣ የሚያስጠይቅ የጥንቃቄ ግዴታ እንደሌለበት ወሰነ። ሟቿ ከሌላው ሕዝብ በተለየ ሁኔታ ለአደጋ የተጋለጠች መሆኗ አልታየም ነበር። በሌላ በኩል በካናዳ የኦንታሪዮ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1998 የቶሮንቶ ፖሊስን ኃላፊ አደረገ። በዚህ ጉዳይ አንድ ሰው በተወሰነ አካባቢ በሁለተኛና በሦስተኛ ፎቅ በረንዳ እየወጣ፣ ብቻቸውን የሚኖሩ ሴቶች ቤት ገብቶ አስገድዶ ይደፍር ነበር። ፖሊስ አካሄዱን ቢያውቅም፣ ሴቶቹ ይደነግጣሉ፣ ወንጀለኛውም ይሸሻል በማለት ሳይነግራቸው ቀረ። ስሟ እንዳይገለጽ የተደረገው ከሳሽ በዚሁ ሁኔታ ተጠቃች። ፍርድ ቤቱ ቸልተኝነትን ብቻ ሳይሆን የሕገ መንግሥታዊ መብት ጥሰትንም አገኘ።

ሁለቱን ጉዳዮች የሚለየው ነገር ለርእሱ ቁልፍ ነው። በመጀመሪያው አደጋው ለብዙ ሕዝብ የተበተነ ነበር፤ በሁለተኛው የተጋላጮቹ ክበብ ጠባብና አስቀድሞ የሚታወቅ ነበር። የንብረት ስርቆት ከአካል ጥቃት ጋር በክብደት አይተካከልም፤ ስለዚህ የቶሮንቶው ውሳኔ ለማንኛውም ስርቆት በቀጥታ ይሠራል ማለት አይቻልም። ይሁን እንጂ ሕጉ «ቅርበት» የሚለውና የወንጀል ጥናቱ «አቅራቢያ» የሚለው በአንድ ፍሬ ነገር ላይ ይገናኛሉ። መዝገቡ ተጋላጮቹን በጥቂት ቤቶች ባጠበበ ቁጥር ማስጠንቀቂያው ይበልጥ ውጤታማ ይሆናል፤ ዝምታውም ለማስረዳት ይበልጥ ይከብዳል።

ይህን ሐሳብ በሕግ ካሰፈሩት አንዱ የአሜሪካ የዩኒቨርሲቲዎች ደህንነት ሕግ ነው። ሕጉ የተሰየመው እ.ኤ.አ. በ1986 በሊሃይ ዩኒቨርሲቲ መኝታ ክፍሏ ውስጥ በተገደለችው ተማሪ በጂን ክሌሪ ነው። ገዳይዋ የገባው እንዳይዘጉ በተደረጉ በሮች አልፎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው ይህ ሕግ፣ ቤት ሰብሮ መግባትን ጨምሮ በተዘረዘሩ ወንጀሎች ቀጣይ ሥጋት ሲኖር ተቋማቱ ተማሪዎችንና ሠራተኞችን በጊዜው እንዲያስጠነቅቁ ያስገድዳል።

ለኢትዮጵያ ከተሞች ያለው ትርጉም

በኢትዮጵያ ከተሞች መረጃውን ወደ ጠባቡ ክበብ ለማድረስ አዲስ መዋቅር መፍጠር የግድ አይደለም። ዕድር፣ የጋራ መኖሪያ ቤቶች የነዋሪዎች ማኅበር፣ በጋራ የሚቀጠር የሰፈር ጥበቃና የማኅበረሰብ አቀፍ ፖሊስ አገልግሎት በየአካባቢው ይታወቃሉ። የሚጎድለው የመዝገቡን ጭብጥ በቀናት ውስጥ ወደ እነዚህ ማድረሻ ደንብ ነው። ደንቡ ሦስት ወሰኖች ያስፈልጉታል።

አንደኛ፣ መልእክቱ የአገባቡን ዘዴ፣ ሰዓቱንና አካባቢውን ይግለጽ እንጂ ተጠርጣሪን አይሰይም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20(3) የተከሰሰ ሰው ጥፋተኛ እስኪባል ንጹሕ ሆኖ የመገመት መብት ይሰጣል፤ ፍርድ ያላገኘ ስም በሰፈር ከተበተነ በኋላ መልሶ መሰብሰብ አይቻልም። «ፀጉረ ልውጥ» በሚል ብቻ የቀን ሠራተኛን ወይም አዲስ ተከራይን ለጥርጣሬ የሚያጋልጥ መልእክትም ከዚህ አይሻልም። ሁለተኛ፣ በአንቀጽ 26 የተጠበቀው የግል ሕይወት መብት የተጎጂውንም ቤት ይሸፍናል፤ ማን እንደተሰረቀና ምን እንደተወሰደበት ያለ ፈቃዱ አይነገር። ሦስተኛ፣ ማስጠንቀቂያው ከሚተገበር እርምጃ ጋር ይያያዝ፤ የመተላለፊያ መብራት መጠገን፣ የምሽት ቅኝትን ሌቦቹ ወደሚመጡበት ሰዓት ማዛወር፣ አቅም ለሌለው ተጎጂ የበሩን ቁልፍ በጋራ ማሠራት።

መርማሪዎች ወንጀለኛውን በድብቅ ለመያዝ ዝምታን የሚመርጡበት አጋጣሚ ይኖራል። ያም ቢሆን ዝምታው በልማድ የሚቀጥል ሳይሆን በኃላፊ ተወስኖ፣ ምክንያቱና የሚያበቃበት ቀን በጽሑፍ የሰፈረ ሊሆን ይገባል። ያለዚያ ምርመራው በሚቆይበት ጊዜ ሁሉ የመጠበቂያውን ዋጋ የሚከፍለው ምንም ያልተነገረው ቀጣዩ ቤት ይሆናል።