ዋጋ ያጣ ልፋትና የልብ ሕመም

የልብ ሕመም ብዙ ኃላፊነት የተሸከሙ የትላልቅ አለቆች በሽታ ነው የሚለው እምነት ለረጅም ጊዜ ጸንቶ ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ1967 ለንደን ውስጥ የተጀመረው የኋይትሆል ጥናት ግን ነገሩን ገለበጠው። ጥናቱ 18,000 ያህል ወንድ የመንግሥት ሠራተኞችን ለዓመታት ሲከታተል፣ በልብ ሕመም ይበልጥ የሞቱት ተላላኪዎቹና በር ጠባቂዎቹ እንጂ የመምሪያ ኃላፊዎቹ አልነበሩም። ልዩነቱ ሦስት እጥፍ ይደርሳል። ማጨስ፣ የደም ግፊትና ኮሌስትሮል በስሌቱ ውስጥ ከገቡ በኋላም አብዛኛው ልዩነት እንዳለ ቀረ። ሁሉም ቢሮ ውስጥ የሚሠሩ፣ ደመወዛቸውን በወቅቱ የሚያገኙ ሰዎች ስለነበሩ ድህነት ብቻውን መልስ ሊሆን አልቻለም።

ከቀረቡት ማብራሪያዎች አንዱ የሶሲዮሎጂ ሊቁ የዮሐንስ ዚግሪስት ነው። በ1996 ባሳተመው ጽሑፍ ሥራን እንደ ውለታ መመላለስ ያየዋል፤ ሠራተኛው ጉልበቱን፣ ጊዜውንና ሐሳቡን ይሰጣል፣ በምላሹም ገንዘብ፣ ከበሬታ፣ እንዲሁም እድገትና የሥራ ዋስትና ይጠብቃል። የሚሰጠው በዝቶ የሚመለሰው ሲያንስ፣ ሰውየውም ሌላ ሥራ አጥቶ ወይም ቤተሰብ ይዞ መልቀቅ ሲያቅተው፣ ቅሬታው ወደ ሰውነቱ ይገባል። እዚህ ላይ ብዙ መሥሪያ ቤቶች የሚስቱት ነገር አለ። ከበሬታ ከሦስቱ አንዱ እንጂ የሌሎቹ ምትክ አይደለም። በዓመት አንዴ አዳራሽ ውስጥ በጭብጨባ የሚሰጥ የምስክር ወረቀት የቀረ ጭማሪን አያካክስም፤ ጥሩ ደመወዝም በየቀኑ የሚደርስን ንቀት አይሽርም።

ሰውነት ንቀትንና ስጋትን የሚቀበለው አደጋ እንደገጠመው ቆጥሮ ነው። አድሬናሊን ይረጫል፤ ልብ በፍጥነት ይመታል፤ የደም ሥሮች ይጠብባሉ። ኮርቲሶል በበኩሉ በደም ውስጥ ያለውን ስኳር ከፍ ያደርጋል። አደጋው ጅብ ቢሆን ኖሮ ሰውየው ወይ ያመልጣል ወይ ይበላል፤ ሁለቱም ቶሎ ያልቃሉ። የመሥሪያ ቤት ቅሬታ ግን ማታ አብሮ ይተኛል፣ ጠዋት አብሮ ይነሣል። ለደቂቃዎች የተሠራው ዝግጅት ለዓመታት ሲዘልቅ የደም ግፊት ከፍ ብሎ ይቀራል፣ የደም ሥር ግድግዳ ይቆጣል፣ ስብም እየተጋገረበት ይሄዳል። ከዚህ ሌላ ተዘዋዋሪ መንገድም አለ፤ እንቅልፍ ያጣና የተከፋ ሰው ሲጋራውንና መጠጡን ያበዛል፣ እንቅስቃሴውን ይተዋል።

ማስረጃው ከብዙ አቅጣጫ ተሰብስቧል። በፊንላንድ 812 የብረታ ብረት ፋብሪካ ሠራተኞችን በአማካይ ከ25 ዓመት በላይ የተከታተለና በ2002 የታተመ ጥናት፣ ልፋታቸው በደመወዝ፣ በከበሬታና በእድገት ያልተመለሰላቸው ሰዎች በልብና በደም ሥር ሕመም የመሞት ዕድላቸው ከሌሎቹ 2.4 እጥፍ እንደሚሆን አሳይቷል። በ2017 የወጣው፣ ከአውሮፓ 90,164 ሰዎችን ያካተተው ትንተና ያገኘው ጭማሪ ግን 16 በመቶ ብቻ ነው። ይህ ቁጥር ከትንሹ የፊንላንድ ጥናት ይልቅ ሊታመን ይገባዋል፤ ከማጨስ ጋር ሲወዳደርም አነስተኛ ነው። ነገር ግን ጫናው በሚሊዮኖች ላይ ስለሚያርፍ አነስተኛ ጭማሪ ብዙ ሕመምተኛ ያፈራል።

በካናዳ ኩቤክ 6,465 የቢሮ ሠራተኞችን ለ18 ዓመታት የተከታተለውና በ2023 የታተመው ጥናት ደግሞ ሁለት ነገሮችን አብሮ መዝኗል። አንደኛው የልፋትና የዋጋ አለመመጣጠን ነው፤ ሁለተኛው ሥራ በዝቶ የመወሰን ሥልጣን ማነሱ ነው። ከሁለቱ አንዱ የገጠማቸው ወንዶች በልብ የደም ሥር ሕመም የመያዝ ዕድላቸው በ49 በመቶ ጨምሯል፤ ሁለቱም የተደራረቡባቸው ደግሞ እጥፍ ሆኖባቸዋል። በሴቶቹ ላይ የተገኘው ውጤት ግን ለድምዳሜ አልበቃም።

እነዚህ ሁሉ የክትትል ጥናቶች ናቸው፤ ተመራማሪ ሰዎችን በዕጣ ከፍሎ ግማሹን ለንቀት ሊዳርግ አይችልም። ከመጀመሪያው ጤናው የተጓደለ ሰው ሥራውን በጥቁር መነጽር ሊያየው ስለሚችል፣ ብዙዎቹ ጥናቶች የሚጀምሩት የልብ ሕመም ከሌለባቸው ሠራተኞች ነው።