ያውቁ ኖሯል? የፎገራ አጥር፣ በርና በረንዳ

የአጥር ቋሚ መበስበስ የሚጀምረው ከተቀበረው ጫፉ ሳይሆን መሬቱ ልክ ላይ እንደሆነ ያውቁ ኖሯል? እንጨት የሚያበሰብሰው ሻጋታ ውሃንና አየርን አንድ ላይ ይፈልጋል። ጠልቆ የተቀበረው ክፍል አየር ያጥረዋል፤ ከላይ የቆመው ደግሞ ቶሎ ይደርቃል። ሁለቱ የሚገናኙት ከመሬቱ ልክ አንድ ስንዝር ወደ ላይ፣ አንድ ስንዝር ወደ ታች ባለው ቦታ ነው። ገንዘብዎ የሚበቃው ለጥቂት ቅብ ብቻ ከሆነ እዚያ ላይ ያውሉት።

የፎገራ ሜዳ ጥቁር ዋልካ ነገሩን እንደሚያባብሰው ያውቁ ኖሯል? ዋልካ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል። በተሰነጠቀ ቁጥር በቋሚው ዙሪያ ክፍተት ይፈጠራል፤ የሰኔ ዝናብም በዚያው ወደ እግሩ ይወርዳል። ግንቦት ላይ ዙሪያውን ጠቅጥቆ አፈሩን ከቋሚው ወደ ውጭ ማዘቅዘቅ ምንም ወጪ የለውም፤ እኔ ግን ከአንድ ጣሳ ቀለም አስበልጠዋለሁ።

በእንጨቱ ውስጥ ያለው ውሃ ከደረቅ ክብደቱ 20 በመቶ በታች እስከሆነ ድረስ ሻጋታ አይነካውም። ማስረጃ የሚፈልግ ሰው ከወረታ በደብረ ታቦር በኩል ወደ ወልድያ የሚወስደውን መንገድ ይዞ ላስታ ይውጣ። የይምርሃነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን በ12ኛው ክፍለ ዘመን አካባቢ እንጨትና ድንጋይ እየተነባበረ የተሠራ ነው። በዋሻ ውስጥ ስለሆነ ዝናብም ፀሐይም አያገኘውም፤ እንጨቱም እስከ ዛሬ አለ። የጣና ገዳማት ክብ አብያተ ክርስቲያናትም ጣራቸው ከግድግዳው ርቆ የሚወጣው በከንቱ አይደለም። ዛሬ ቆርቆሮ ለመቆጠብ ተብሎ ጣራው ከግድግዳው እኩል ሲቆረጥ ሳይ አዝናለሁ። በሩን በየዓመቱ ከመቀባት ሁለት ክንድ ቆርቆሮ መጨመር ይሻላል።

ባሕር ዛፍ ሁሉ አንድ እንዳልሆነስ? በደጋው የሚበዛው ነጭ ባሕር ዛፍ ከአፈር ጋር ሲገናኝ ቶሎ ያልቃል። እንደ ፎገራ ባለ ዝቅ ያለ አገር የሚስማማው ቀይ ባሕር ዛፍ ልቡ ቀይና ጠንካራ ስለሆነ ይበልጥ ይቆያል። ከልቡ ውጭ ያለው ነጣ ያለ ክፍል ግን የወይራም ቢሆን የጥድም መበስበሱ አይቀርም። ቀጭን አጣና አብዛኛው ይኸው ነጩ ክፍል ስለሆነ በወፍራም ቋሚ ልክ እንዲቆይ አይጠብቁ።

የአባቶቻችን የበርና የምሰሶ እንጨቶች ዋንዛ፣ ጥድና ዝግባ ከኮሶ ጋር በ1986 ዓ.ም. በወጣው የደን አዋጅ ለመጥፋት የተቃረቡ ተብለው ተጠብቀው ነበር። ስለዚህ ባሕር ዛፉን በአግባቡ ከመያዝ ሌላ መንገድ የለንም።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ነገር ልምጣ። ምስጥን ለመከላከል የቋሚውን እግር ከጋራዥ በመጣ የተቃጠለ ዘይት መቀባት በአገራችን የተለመደ ነው። የተቃጠለ ዘይት እንደማይደርቅ ያውቁ ኖሯል? ወደ እንጨቱ ጠልቆ አይገባም፤ ከላዩ ተለጥፎ ይቆይና ዝናቡ ሲመጣ ወደ አፈር ይታጠባል። በሞተር ውስጥ ሲሠራ የከረመ ስለሆነ ከባድ ብረታ ብረትና ካንሰር አምጪ ውህዶች አሉበት። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ እንደሚለው ከአንድ መኪና በአንድ ጊዜ የሚቀየር ዘይት እስከ 1 ሚሊዮን ጋሎን፣ ማለትም 3.8 ሚሊዮን ሊትር ገደማ ንጹሕ ውሃ ሊበክል ይችላል። ፎገራ ላይ ደግሞ የከርሰ ምድር ውሃ ቅርብ ነው፤ በእጅ በተቆፈረ ጉድጓድ ሽንኩርት ይለማል፣ ሰውም ከብትም ይጠጣል። ክረምት ሲገባ ሜዳው ለሩዝ በውሃ ይሸፈናል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የርብና የጉማራ ወንዞች ሞልተው ፎገራንና ሊቦ ከምከምን እንዳጥለቀለቁት ያለ ጎርፍ ሲመጣ ከአንዱ ግቢ የታጠበው የሌላው ጉድጓድ ይገባል። ለአጥር ተብሎ ጉድጓድ አይበከል። የሚሻለው እንጨቱን ከአፈር ማላቀቅ ነው፦ ሲሚንቶ መሠረት ላይ ብረት ተክሎ ቋሚውን ከመሬት ከፍ አድርጎ በብረቱ ላይ ማሰር። እንጨቱን በቀጥታ ሲሚንቶ ውስጥ መትከል ግን ውሃ እንዲቋጥር ማድረግ ነው።

እግሩን በእሳት መለብለብስ? ጃፓኖች የግድግዳ ጣውላ ፊቱን አክስለው ይሠሩበታል፤ ስሙ ያኪሱጊ ነው። ያ ጣውላ ግን አየር ላይ የሚቆም ነው። አፈር ውስጥ ሲገባ ከሰሉ ይሰነጠቅና ውስጡን ለሻጋታ ይከፍታል። ብቻውን አይመኑት።

ምስጥ ብርሃንና ደረቅ አየር ስለማይስማማት በአፈር መሸፈኛ ሠርታ ነው የምትወጣው። እንጨቱ ከመሬት ከፍ ካለ ያ የአፈር መንገድ በግልጽ ይታያል፤ በየሳምንቱ ያፍርሱት።

ጥርት ያለ ቫርኒሽ ለውጭ በር እንደማይሆን ያውቁ ኖሯል? የፎገራ ሜዳ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ነው፤ ከፍታ በ1,000 ሜትር ሲጨምር ጎጂው የፀሐይ ጨረር 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። ጨረሩ በጥርት ቫርኒሽ ውስጥ አልፎ የእንጨቱን ጭረቶች የሚያያይዘውን ሊግኒን ይሰባብራል፤ እንጨቱ ከሥር ሲላላ ቫርኒሹ ይላጣል። ጨረሩን የሚያቆመው የቀለሙ ዱቄት ነው። ስዊድኖች ገጠር ቤቶቻቸውን ለዘመናት የቀቡበት ቀይ ቀለም ከፋሉን መዳብ ማዕድን ከሚገኝ የብረት ዝገት አፈር፣ ከእህል ዱቄትና ከተልባ ዘይት የሚፈላ ነው። ለበረንዳዎ ቡናማ ወይም ቀይ የተቀላቀለበት፣ ወደ ውስጥ የሚሰርግ ቅብ ይምረጡ።

የተልባ ዘይት የሚደርቀው ተንኖ ሳይሆን ከአየሩ ኦክስጅን ጋር ተዋሕዶ ነው። ሲዋሐድ ይሞቃል። የቀቡበትን ጨርቅ ጠቅልለው ጥግ ከጣሉት ያለ ክብሪት እሳት ሊያስነሳ ይችላል። ከቤት ውጭ ዘርግተው ያድርቁት።

የተቆረጠው የጣውላ ጫፍ ከጎኑ ብዙ እጥፍ ፈጥኖ ውሃ ይጠጣል። የበሩን የታች ጠርዝ ስንቱ አናጺ ይቀባዋል? በሩ ሳይገጠም ሁለት ሦስት ጊዜ ይቀባ።

አረንጓዴ የሚመስል አሮጌ የመብራት ምሰሶ አግኝተው ከሆነ ምጣድ ሥር እንዳይማግዱት። አረንጓዴው የመዳብ፣ የክሮምና የአርሴኒክ መድኃኒት ሊሆን ይችላል፤ ህንዳዊው ሶንቲ ካሜሳን በ1933 እ.ኤ.አ. ያገኘው ነው። ሲቃጠል አርሴኒኩ በጭሱም በአመዱም ይቀራል። አሜሪካ ውስጥ አምራቾቹ ከ2003 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ ለመኖሪያ ቤት መሸጡን ትተዋል።

መቼ ይቀባ? ክረምቱ ያረሰው እንጨት ላይ የተቀባ ቀለም ውሃውን አፍኖ ያብጣል። ከኅዳር እስከ የካቲት ጥሩ ጊዜ ነው። መጀመሪያ ግራጫ ያለውን ፊት በብርጭቆ ወረቀት ያንሱ፤ ማለዳ ሳይሆን ጤዛው ከጠፋ በኋላ ይጀምሩ። ካቻምና የተቀባው ዘንድሮ ድጋሚ ይፈልግ እንደሆነ ለማወቅ ጥቂት ውሃ ይርጩበት። ጠብታው ከላይ እንደቆመ ከቀረ ይተዉት፤ ወዲያው ሰርጎ ካጠቆረው ብሩሹን ያዘጋጁ።