ያውቁ ኖሯል? ስደተኛ የሚባለው ማን ነው?

ሐይቅ ከተማ ላይ «ስደተኛ» የሚለው ቃል በአንድ ቀን ለሦስት ዓይነት ሰው ሲነገር ይውላል። ከወለጋ ተፈናቅሎ ጃሪ መጠለያ ለገባው አባወራ፣ በጅቡቲ አድርጎ ሳዑዲ ለመግባት ለተነሣው የአምባሰል ወጣት፣ አገሩን ጥሎ ኢትዮጵያ ለገባው ኤርትራዊ። ሕግ ግን ሦስቱን በየስማቸው ይጠራል፤ ስሙ ሲለያይ መብቱም ይለያያል።

ያውቁ ኖሯል? በ1951 እ.ኤ.አ. የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት መሠረት ስደተኛ ማለት በዘሩ፣ በሃይማኖቱ፣ በዜግነቱ፣ በፖለቲካ አመለካከቱ ወይም የአንድ ማኅበራዊ ቡድን አባል በመሆኑ እንዳይሳደድ በበቂ ምክንያት ፈርቶ ከአገሩ የወጣ ሰው ነው። ረሃብና ድህነት በዝርዝሩ ውስጥ የሉም። በ1966 ዓ.ም. ከቀየው ወጥቶ መንገድ ዳር የወደቀው የወሎ ገበሬ በዚህ ትርጉም ስደተኛ አልነበረም።

ያውቁ ኖሯል? ስደተኛን ከተፈናቃይ የሚለየው የድንበር መስመር ነው፤ የመከራው ክብደት አይመዘንም። መስመሩ ደግሞ ከአምባሰል ጋር ታሪክ አለው። የኢትዮጵያንና የኢጣሊያ ይዞታን ወሰን በውል ያሰፈረው ስምምነት ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው ከሐይቅ በስተሰሜን፣ አምባሰል ውስጥ፣ ውጫሌ ላይ ነው። ከስምንት ወር በኋላ ኢጣሊያ ኤርትራን ቅኝ ግዛቴ ናት ብላ አወጀች። ዛሬ መረብን የተሻገረ ኤርትራዊ በሕግ ስደተኛ ሊባል ይችላል። ከወለጋ ሐይቅ ድረስ ያንን ሁሉ መንገድ አቋርጦ የመጣው ገበሬ ግን አይባልም፤ የተሻገረው ድንበር የለምና።

ከጃሪ ሳልወጣ ልጨምር። በ1977ቱ ድርቅ ጊዜ ደርግ በሠፈራ ፕሮግራም ብዙ ወሎዬዎችን ወደ ወለጋ ወስዷል። ከእነዚያ ሠፋሪዎችና ከልጆቻቸው መካከል በቅርብ ዓመታት ግድያ ሸሽተው ወደ ወሎ የተመለሱ አሉ፤ ጃሪና እዚያው ሐይቅ አካባቢ ያለው ቱርክ ካምፕ ተፈናቃዮች ከተጠለሉባቸው ቦታዎች ናቸው። የመጡት ወደ ወላጆቻቸው አገር ነው፤ የሚያርሱት መሬት ግን የላቸውም። እነሱን የሚመለከተው ሕግ የካምፓላ ስምምነት ይባላል። የአፍሪካ ኅብረት በ2009 እ.ኤ.አ. አወጣው፤ ኢትዮጵያም በአዋጅ ቁጥር 1187/2012 አጽድቃዋለች። ተፈናቃይን የመጠበቅና የመርዳት ቀዳሚ ኃላፊነት የመንግሥት ነው ይላል፤ ሕይወቱ፣ ደኅንነቱ ወይም ጤናው አደጋ ላይ ወደሚወድቅበት ቦታ በግድ መመለስንም ይከለክላል። ይህን መብት ተፈናቃዮቹ ራሳቸው ሊያውቁት ይገባል።

ያውቁ ኖሯል? «ጥገኝነት» የሚለው ቃል ሥሩ «ጥግ» ነው። ጥገኝነት ጠያቂ ጥግ ፈልጎ የመጣ፣ ጉዳዩ ገና ያልተወሰነለት ሰው ነው። ሰው ግን ስደተኛ የሚሆነው ትርጉሙን ካሟላበት ሰዓት ጀምሮ ነው፤ የውሳኔው ማኅተም የሚያረጋግጠው ቀድሞ የነበረውን ነው። ስለዚህ ውሳኔ እስኪያገኝ ድረስም ወደሸሸው አደጋ መልሰው አይሰዱትም። ነፍሱን ለማትረፍ በቀጥታ መጥቶ፣ ሳይዘገይ ለባለሥልጣን ራሱን ካቀረበና ምክንያቱን ካስረዳ፣ ያለ ፓስፖርት በመግባቱ አይቀጣም።

ጥግ መስጠት ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በጎንደር ዘመን እጨጌ ቤት የገባን ተሳዳጅ አሳዳጁ አይነካውም ነበር። በእስልምና ታሪክ እንደሚነገረው ደግሞ በ615 እ.ኤ.አ. ገደማ የቁረይሽ መልእክተኞች ስጦታ ይዘው መጥተው፣ ከመካ ሸሽተው አገራችን የገቡት ሙስሊሞች ተላልፈው እንዲሰጧቸው ለመኑ። ንጉሡ ነጃሺ ግን በመጀመሪያ የስደተኞቹን ቃል ከተወካያቸው ከጃዕፈር አንደበት ሰማ፤ ከሰማ በኋላ አልሰጥም አለ፤ ስጦታውንም መለሰ። ሳይሰሙ አለመፍረድና አሳልፎ አለመስጠት፣ የዛሬው ሕግ ዋና ዋና ምሰሶዎች፣ እዚያ ችሎት ላይ ነበሩ።

ያውቁ ኖሯል? አፍሪካ የራሷን የስደተኞች ስምምነት የፈረመችው አዲስ አበባ ላይ፣ ጳጉሜን 5 ቀን 1961 ዓ.ም.፣ በእንቁጣጣሽ ዋዜማ ነው። ይህ ስምምነት ጦርነትን፣ ወረራንና ከባድ የጸጥታ መናጋትን ሸሽቶ ድንበር የተሻገረውንም ስደተኛ ይለዋል። በስም ለይቶ የሚያሳድደው እንዳለ ማስረዳት አይጠበቅበትም። ሥራ ላይ የዋለው ሰኔ 13 ቀን 1966 ዓ.ም. ነው፤ ሰኔ 13 ዛሬ የዓለም የስደተኞች ቀን ሆኖ ይከበራል።

ኢትዮጵያ ከደቡብ ሱዳን፣ ከሶማሊያ፣ ከኤርትራና ከሱዳን የመጡ አንድ ሚሊዮን ገደማ ስደተኞችን አስጠልላለች። በአማራ ክልል ዳባት አጠገብ ያለው ዓለምዋጭ መጠለያ የኤርትራውያን ነው። የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110/2011 የመሥራት፣ የመማርና የባንክ ሒሳብ የመክፈት መብት ይሰጣቸዋል።

የአምባሰሉ ወጣትስ? ሥራ ፍለጋ የሄደ በሕግ ፍልሰተኛ ነው። ሳዑዲ ዓረቢያ የ1951ዱ ስምምነት አባል አይደለችም፤ ከመላው የዓረቢያ ልሳነ ምድር አባሏ የመን ብቻ ናት። ከኅዳር 2006 ዓ.ም. ጀምሮ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ ተባረው ተመልሰዋል። በዚያ መንገድ የሚሄድ ልጅ ያላችሁ እናቶችና አባቶች፣ ከመነሣቱ በፊት ይህን ንገሩት።

ሐይቅ ላይ ከጃሪ የመጣ ሰው ስታገኙም እባካችሁ ስደተኛ አትበሉት። ያለው በገዛ አገሩ ነው።